የቮልስ የፊት መስታወት ቅየራ

የቮልስ የፊት መስታወት ቅየራ የተሰነጠቀ ወይም ውኃ የሚያስገባ የፊት መስታወትን ከቮልስዋገን ቢትል ላይ አንሥቶ በሌላ መተካት ነው። አሁን በሚሠሩ መኪኖች ላይ የፊት መስታወት ከላሜራው ጋር በጠንካራ ማጣበቂያ ይያያዛል። በቮልስ ላይ ማጣበቂያም ብሎንም የለም፤ መስታወቱን የሚይዘው ዙሪያውን የከበበው ጎማ ብቻ ነው። ጎማው ሁለት ቦይ አለው፦ በአንዱ መስታወቱ ይቀመጣል፣ ሌላው የመስኮቱን የላሜራ ጠርዝ ይነክሳል።

መስታወት ከመግዛት በፊት የመኪናዋን ዘመን ማወቅ ግድ ነው። ቮልስ ከሩቅ ስትታይ ሁሌም አንድ ትመስላለች እንጂ የፊት መስታወቷ ደጋግሞ ተለውጧል። ፋብሪካው በ1957 እ.ኤ.አ. አሰፋው፤ በነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ጥቂት ጎበጥ አደረገው። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣችው 1303 በጣም የሰፋና በግልጽ የጎበጠ መስታወት ስላላት የእሷ ለሌሎቹ አይገባም። ጣሪያዋ የሚከፈተውም የራሷ አላት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቮልስ የቆየች መኪና ናት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ያን ያህል ዕድሜ ያላት መኪና ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ከሌላ ቮልስ የተወሰደ ዕቃ ስለሚገጠምላት ሊብሬውን ብቻ ማመን አይበጅም። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር ተመትቷል፤ ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. በኋላ በተሠሩት ላይ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። በ116 የሚጀምር የ1966 ሞዴል ነው ማለት ነው። እሱም የሚናገረው ስለ ሻንሲው ነው፤ ቦዲው በብሎን የታሰረ በመሆኑ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን በሜትር መለካት አይቀርም።

መስታወቱ ሁለት ዓይነት ነው። በሙቀት የጠነከረው ሲመታ በአንድ ጊዜ ፍርፍር ይልና የሾፌሩን እይታ ይጋርዳል። ድርቡ ግን በሁለት መስታወቶች መካከል የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። የድርቡ ሐሳብ የመጣው ከፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ነው፤ ውስጡ በደረቀ የሴሉሎስ ናይትሬት ስስ ሽፋን የተለበጠ ብልቃጥ ወድቆ ስብርባሪው ተያይዞ መቅረቱን አይቶ በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ለቮልስ መመረጥ ያለበት ድርቡ ነው። ሲገጠም ግን መጠምዘዝን አይችልም፤ አንዱ ጥግ ከሌላው በላይ ከተጫኑት ይሰነጠቃል።

ሲነቀል መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ይወልቃሉ። የደረቀው ጎማ ከውጭ በኩል በምላጭ ተቆርጦ ከተነሣ መስታወቱ ሳይጎዳ ይወጣል። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ላሜራውንም መስታወቱንም ያበላሻል። አሮጌውን ጎማ መልሶ ለመግጠም መቆጠብ ከንቱ ነው፤ ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ዳግመኛ አያቅፍም።

ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጎማው ሲነሣ የላሜራው ጠርዝ ይገለጣል፤ በተለይ ውኃ በሚጠራቀምባቸው በታችኞቹ ጥጎች ዝገቱ በልቶት ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባና ያልፋል። ስቱኮ ግን ጎማው የሚነክሰውን ጠርዝ ሊተካ አይችልም፤ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወርዶ ሽቦዎቹንና ወለሉን ያገኛል። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ፣ ዝገት መከላከያ መቀባትና በደንብ መድረቅ አለበት፤ ቀናት ቢወስድም።

አዲሱን ጎማ መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ይለብሳል። ጎማው ላይ የሚሰካው የክሮም ጌጥም የሚገባው ያኔ ነው፤ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ማስገባት እጅግ ያስቸግራል። ቀጥሎ ለላሜራው በተተወው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ጠንካራ ሲባጎ ይገባል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከታች መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ቦዩና የላሜራው ጠርዝ በሳሙና ውኃ ይርሳሉ። አንዱ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየደገፈ፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ወደ መሐል በቀስታ ይስባል፤ ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ጠርዙን አሻግሮ ወደ ውስጥ ይገለብጠዋል። የውጭው ሰው የሚጫነው ሲባጎው የደረሰበትን ቦታ ብቻ ነው። ጎማውን አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ማቆየት ሥራውን ያቀላል። ጥግ ላይ እምቢ ካለ ሳሙና ይጨመራል እንጂ ጉልበት አይጨመርም።

በመጨረሻ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ እያየ፣ ሌላው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ውኃ ያፈስበታል፤ ከላይ ከተጀመረ የትኛው ጥግ እንደሚያስገባ መለየት ያስቸግራል።