የአምናው ሜኑ

ምግብ ቤት ገብታችሁ ሜኑ ታነባላችሁ። «ክትፎ» ስትሉ አስተናጋጁ «አልቋል» ይላል። «ዱለትስ?» «እሱን ከተውነው ቆየ!» ሜኑው ግን አልዋሸም፤ የታተመ ቀን የነበረውን ነው የነገራችሁ። የዛሬው ወጋችን ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ እንዲህ ያለ ሜኑ ነው።

ሊኑክስ የሞከራችሁ ሲናፕቲክን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ፕሮግራም ፈልጋችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ የምትጭኑበት ሶፍትዌር ነው። ከላይ ጥግ ላይ «ሪሎድ» የምትል አዝራር አለችው። ብዙዎቻችን ዞር ብለን አናያትም። እኔም የመረጥኩት ፕሮግራም አልወርድ ሲለኝ መጀመሪያ የወቀስኩት ኔትወርኩን ነበር።

ለመሆኑ አዝራሯ ለምን አስፈለገች? ታሪኩ ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 ከመሰረተው ዴቢያን ይጀምራል። በዚያ ዘመን ሶፍትዌር የሚገኘው በሲዲ ወይም በስልክ መስመር በሚንቀራፈፍ ሞደም ነበር። አንድ ነገር በተፈለገ ቁጥር ሰርቨሩን መጠየቅ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ስራው ለሁለት ተከፈለ። መጀመሪያ የፓኬጆቹ ዝርዝር ኮምፒውተሩ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ተጠቃሚው መስመሩ ቢቋረጥም ተረጋግቶ ይመርጣል። ዲሴሌክት የተባለው የዴቢያን የቀድሞ መምረጫ ዝርዝሩን የማደስ ትእዛዝ ለብቻው ነበረው። በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የመጣው አፕትም ይህንኑ አሰራር ወረሰ። በ2001 ኮንክቲቫ የተባለ የብራዚል ኩባንያ ያሰራው ሲናፕቲክ ደግሞ በአፕት ላይ መስኮትና አዝራር አለበሰበት።

ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ ዋጋ ግን አለው። ሰርቨሩ አዲስ እትም ሲመጣለት አሮጌውን ያነሳል። የእናንተ ዝርዝር ግን አሮጌውን እየጠራ ይጠይቃል፤ መልሱ «ፋይሉ አልተገኘም» ይሆናል። ይሄ የአስተናጋጁ «አልቋል» መሆኑ ነው።

የከፋው ግን ዝምታው ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ኦፕን ኤስኤስኤል ላይ «ኸርትብሊድ» የተባለ ክፍተት ይፋ ሆነ። በዚህ ቀዳዳ የይለፍ ቃል ሳይቀር ከሰርቨር ማህደረ ትውስታ ሊሰረቅ ይችል ነበር። ዴቢያንና ኡቡንቱ ማስተካከያውን በዚያው ቀን አወጡ። ዝርዝሩን ያላደሰ ኮምፒውተር ግን ማስተካከያ መኖሩንም አያውቅም። ቢጠየቅ «የሚሻሻል ነገር የለም» ይላል፤ በልበ ሙሉነት!

ኡቡንቱ በ2011 በወጣው 11.10 እትሙ ሲናፕቲክን ከሲዲው አስወጣው፤ የሚፈልገው ግን እስከዛሬ አውርዶ ይጠቀምበታል። ዛሬ ብዙ ሲስተሞች ኢንተርኔት ካገኙ ዝርዝሩን ራሳቸው ያድሳሉ። ወር ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ላፕቶፕ ግን ሲከፈት ይዞ የሚቀርበው ያንኑ የአምናውን ሜኑ ነው።

እናም ወዳጆቼ፣ ኮምፒውተራችሁ «ሁሉም አዲስ ነው» ሲላችሁ «ከመቼ ወዲህ?» በሉት። ከዚያ ያቺን አዝራር ጫን!

መልካም ሪሎድ!