የቆቦ ሜዳና የግራካሱ ዳገት፤ ስለ ካሚዮን ሞተር ለውጥ አጭር ምርመራ

የአገራችንን የአውቶሞቢል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ መቼ ተጠረገ፣ መኪናው መቼ ገባ በሚለው ላይ ያተኩራሉ። እኛ ግን መኪናው ካረጀ በኋላ የሚሆነውን፣ ይኸውም ከወደቀ ካሚዮን የወጣ ትልቅ ሞተር በሌላ አሮጌ ካሚዮን ላይ የመግጠምን ነገር፣ ከራያ ቆላ አቀማመጥ ጋር አያይዘን ለመመርመር አስበናል።

ነገሩ በሌላም አገር የታወቀ ነው። በአሜሪካ የፖንቲያክ ፋብሪካ ለ1964 እ.ኤ.አ. 6.4 ሊትር የሚይዝ ሞተር በመካከለኛ መኪና ላይ ገጥሞ ጂ.ቲ.ኦ. በሚል ስም ሸጧል፤ ከዚያም አስቀድሞ ወጣቶች ከተሰበረ መኪና ሞተር እያወጡ በቀላል መኪና ላይ ይገጥሙ ነበር። የእነርሱ ዓላማ ፍጥነት ነው። በራያ ግን ሞተርን የሚፈትነው ዳገት ነው።

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በቆቦ ሜዳ ላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ይዞ ይጓዛል፤ አላማጣን ካለፈ በኋላ ግን በግራካሱ ጠመዝማዛ ወጥቶ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ኮረም ይደርሳል። አየር እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ 80 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ኮረም ሲደርስ ወደ 60 ዝቅ ይላል። ጭነቱ ግን አይቀንስም።

እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ፊያት 634 ካሚዮን ከ8 ሊትር በላይ ሞተር ይዞ ጉልበቱ ከ75 እስከ 80 ፈረስ ነበር። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን እንዲህ ያሉትን ካሚዮኖች ወደ አገራችን አገቡ፤ በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል ሲሆንም ከፊሎቹ እዚሁ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ፊያት 682 ደግሞ ከ10 ሊትር በላይ ሞተርና 140 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከእርሱም ወገን ኤንትሬ የተባለው በአገራችን መንገድ ስሙ እጅግ ገነነ። የጉልበቱ ልዩነት ባለ መኪናን ለምን እንደሚያጓጓ ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ ሞተር ብቻውን አይለወጥም። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ከአዲሱ ሞተር ጋር መግጠም፣ ራዲያተሩ ሙቀቱን መቻል፣ የፊት ባሌስትራው ክብደቱን መሸከም አለበት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዥ ቋንቋ ራሱ፣ ሙያው ከየትኛው ዘመን እንደ ተወረሰ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፍሬን ነገር ነው። ትልቅ ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ሲያዝ ቁልቁለቱን ያግዛል፤ ነገር ግን ባለቤቱ በጉልበቱ ተማምኖ ጭነት ቢጨምር፣ ፍሬኑ ለቀድሞው ክብደት የተሠራ ስለ ሆነ ይግልና ይከዳል። በግራካሱ ቁልቁለት የዚህ ስሕተት ዋጋ የሾፌሩና የረዳቱ ሕይወት ነው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ከየት እናገኘዋለን? የመኪናው ሊብሬ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ለየብቻ ይመዘግባል። ሻንሲው የትውልዱን ቁጥር ይዞ ሲኖር ሞተሩ ይለወጣል፤ ሁለቱን ያመሳከረ ተማሪ የአንድን ካሚዮን የሕይወት ታሪክ ሊያነብ ይችላል። አሮጌው ብረት ተቆራርጦ ከመቅለጡ፣ አረጋውያን መካኒኮችም ከማለፋቸው በፊት ቁጥሩንም ቃላቸውንም መዝግቦ ማስቀመጥ የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው እንላለን።