የዐሥር ዓመት ቤቶች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳይፈጸም፥ የጀርመን አውሮፕላኖች የለንደንንና የኮቬንትሪን ሰፈሮች አፍርሰው እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ከዘመድ ተጠግቶ በሚያድርበት ዘመነ መከራ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ከጦር ሜዳ የሚመለሰውን ወታደር አስቀድሞ በማሰብ፥ ቤትን በፋብሪካ እየሠራ በካሚዮን ወስዶ ሊተክል ቈረጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል በማርች 1944 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) እስከ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርስ ተገጣጣሚ ቤት እንደሚሠራ በራዲዮ ለሕዝቡ ተስፋ ሰጡ፤ በዚያው ዓመት በወጣው ሕግም ፓርላማው 150 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ። የቤቶቹም ዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ እንዲሆን ታሰበ።

ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ይኸውም ቤቱን የሚያሠራው ማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን፥ መሬቱን ፈልጎ፥ መንገድና ውሃ አስገብቶ፥ የፍሳሹን ቦይ ቀብሮ የሚጠብቀው የየከተማው ምክር ቤት ነበረ። ባዶ መሬት ከየት ይምጣ? በቦምብ የተመነጠረው ቦታና የሕዝብ መናፈሻ ዳርቻ ለዚህ ዋለ፤ በሰላም ዘመን በመናፈሻ ውስጥ ቤት ይሠራ የሚል ሰው ቢነሣ ከተማው ሁሉ እሪ ባለ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜያዊ የሚለው ቃል የተቃዋሚን አፍ ይዘጋል።

በጀቱ ግን እንደ ታሰበው አልሄደም። ብረት ስለ ጠፋ በ1944 በለንደኑ ቴት ቤተ ሥዕል ለሕዝብ የታየው የብረት ቤት ምሳሌ ሆኖ ቀረ፤ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ከአሉሚኒየም በአራት ክፍል እየሠሩ የሚልኩት ቤትም በ1947 ዋጋው 1,610 ፓውንድ ደረሰ፥ ይህም ለዐሥር ዓመት መጠለያ እጅግ ውድ ነው። እስከ 1949 የተተከሉት 156,623 ብቻ ሲሆኑ፥ ይህ ከተስፋው ሲሶ አይሞላም። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፤ ዋጋን ከዕድሜ ለይቶ የገመተው ሹም ነው የሚወቀሰው።

በአንጻሩ ተከራዮቹ ሒሳቡን በሌላ ሚዛን መዘኑት፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሽንት ቤቱ በጓሮ ከሆነ አሮጌ ሰፈር የመጡ ስለ ነበሩ፥ አሁን ሙቅ ውሃ፥ መታጠቢያ ክፍል፥ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ወጥ ቤት፥ እንዲያውም በዚያ ዘመን የባለጸጋ ዕቃ የነበረውን ማቀዝቀዣ አገኙ። ስለዚህ ዐሥሩ ዓመት ሲፈጸም የሚወጣ ታጣ፤ ለሠርግ የተጣለ ዳስ የልጅ ልጅ አደገበት እንደ ማለት ነው።

የዚህ ዋና ምስክር በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፥ በካትፎርድ የሚገኘው የኤክስካሊበር ሰፈር ነው። በ1945 እና በ1946 የጦር ምርኮኞች 187 ቤቶችን የተከሉበት ይህ ሰፈር፥ መንገዶቹ ሁሉ በንጉሥ አርተር ታሪክ ባላባቶች ስም የተሰየሙ ሲሆን፥ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሰው ሲኖርበት ቈየ። በ2009 ከቤቶቹ ስድስቱ በሕግ በሚጠበቁ ቅርሶች መዝገብ ተጻፉ፤ የቀሩት ግን እንዲፈርሱ ተወሰነ። በስድስቱ ላይ መልካቸውን የሚለውጥ ሥራ ለመሥራት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታው ነው።