የጥጥ ተባዮችን በተቀናጀ ዘዴ መከላከል
በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማና በሁመራ የሚመረተውን ጥጥ ከሚያጠቁ ነፍሳት መካከል ፍሬውን የሚቦረቡረው ጓይ ትልና የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥጡት ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ይገኙበታል። ነጭ ዝንብ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ የፈነዳውን ጥጥ በማጣበቅ ጥራቱን ይቀንሳል።

ኔማቶድ የተባሉት ጥቃቅን የአፈር ትሎች ደግሞ ሥሩን በማሳበጥ ተክሉን ያቀጭጫሉ። ጉዳቱ የውሃ እጥረት ሊመስል ስለሚችል ሥሩን ነቅሎ መመርመር ያስፈልጋል፤ በቅጠል ላይ የሚረጭ ፀረ-ነፍሳት ኬሚካል አይደርስባቸውም። ጥጥን የጥጥ ኔማቶድ ከማይራባባቸው እንደ ለውዝ ካሉ ሰብሎች ጋር ማፈራረቅ ይረዳል።

ያለ አሰሳ የሚካሄድ ተደጋጋሚ ርጭት የተባዮችን የተፈጥሮ ጠላቶች ያጠፋል፤ ተባዮቹም ኬሚካሉን እንዲላመዱ ያደርጋል። በመሆኑም የኬሚካል ግዥ ከመፈጸሙ በፊት የማሳ አሰሳና የሥር ምርመራ ውጤት መታየት ይኖርበታል።