የአስመራው ኮረብታና የሮሲ ቱቦዎች

የጠፈር ጨረር ታሪክ ሲወራ ፓሪስ ትጠቀሳለች፣ ቺካጎ ትጠቀሳለች፣ ሜክሲኮ ሲቲም አትረሳም፡፡ አስመራን የሚያነሳት ግን ጥቂት ሰው ነው፡፡ እስቲ ዛሬ እኛ እናንሳት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ከሰማይ የሚመጣ ጨረር መኖሩን አረጋገጠ፡፡ ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ክርክር ሆነ፡፡ አሜሪካዊው ሚሊካን ጨረሩ የብርሃን ዘመድ ነው ባይ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው ይላሉ፡፡ ወጣቱ ጣልያናዊ ብሩኖ ሮሲ መፍቻውን አገኘ፡፡ ቅንጣት ከሆነ የመሬት መግነጢስ መንገዱን ያጣምመዋል፡፡ ሙሉ ፖዘቲቭ ከሆነ ከምዕራብ፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ከምሥራቅ በርከት ብሎ ይመጣል፡፡ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ለመግነጢሱ ወገብ በቀረበ ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው፡፡

ሮሲ ከሰርጂዮ ደ ቤኔዴቲ ጋር ዕቃውን ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1933 መገባደጃ አስመራ አጠገብ 2,370 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ላይ ሰፈረ፡፡ (ይህን የምጽፍባት እንጅባራ ከዚያ ትበልጣለች፤ ለመግነጢሱ ወገብም እኛ እንቀርባለን፡፡ ሰውየው የሄደው ግን የጣልያን ባንዲራ ወደሚውለበለብበት ነው፡፡)

ለመሆኑ የጫነው ዕቃ ምን ነበር? የጋይገር ሙለር ቆጣሪ ይባላል፤ በ1928 ጀርመን አገር የተሠራ ነው፡፡ ትንሽ ጋዝ ያለበት የብረት ቱቦ፣ መሐሉ ላይ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ፣ በሁለቱ መካከል ከፍተኛ ቮልቴጅ፡፡ አንዲት ቅንጣት ሰንጥቃው ስታልፍ ጋዙ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ታላቅቃለች፤ እነሱም ሌሎችን እያላቀቁ ወደ ሽቦው ሲጎርፉ የኤሌክትሪክ ምት ይሰማል፡፡ ችግሩ፣ አንድ ቱቦ ብቻውን ከድንጋይና ከግድግዳ የሚወጣውንም ጨረር ይቆጥራል፡፡ ሮሲ በ1930 በራዲዮ አምፖሎች የሠራው ሰርኪዩት ይህን ፈታ፤ ቱቦዎቹ እኩል ካልጮሁ አይመዘግብም፡፡ ስለዚህ ቱቦዎቹን አሰልፎ ወደ ሰማይ ሲያዘነብላቸው እንደ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ሆኑለት፡፡ አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ እያዞረ ቆጠረ፡፡ በእኔ ግምት የታሪኩ ትልቁ ነገር ይህ ሰርኪዩት ነው፤ ሐሳቡ እስከ ዛሬ በቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል፡፡

ምዕራቡ በለጠ፡፡ ጨረሩ ፖዘቲቭ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ነበሩ ማለት ነው፡፡ ግን ምን ያደርጋል! ቶማስ ጆንሰን፣ እንዲሁም ሉዊስ አልቫሬዝና አርተር ኮምፕተን፣ ከወራት በፊት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ያንኑ ለክተው አሳትመውት ነበር፡፡

ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጨው ሌላ ነው፡፡ ሮሲ ተራርቀው የተቀመጡ ቱቦዎችም አልፎ አልፎ እኩል እንደሚጮሁ አስተዋለ፡፡ አንድ ቅንጣት ሁሉንም ሊነካ አይችልም፤ እንደ እኛ አገር የክረምት ውሽንፍር ብዙ ቅንጣቶች በአንዴ እየወረዱ ነበር፡፡ ጉዳዩን ለመመርመር ጊዜ አላገኘምና በጣልያንኛ ባሳተመው ጽሑፍ ጠቅሶት አለፈ፡፡ በ1938 ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ ያንኑ እንደገና አገኘው፤ ስሙም ለእሱ ሆነ፡፡

በመካከሉ ያ ባንዲራ መረብን ተሻግሮ መጣ፤ ጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ.፣ እኛ በደንብ የምናውቀው ዘመን፡፡ ሦስት ዓመት ቆይቶም የሙሶሊኒ መንግሥት በዘር ሕጉ ሮሲን ይሁዲ ነህ ብሎ ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ አባረረው፡፡ በኮፐንሃገንና በማንቸስተር አልፎ አሜሪካ ገባ፤ እዚያው በ1993 አረፈ፡፡

ዛሬ አርጀንቲና ውስጥ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የተዘሩ ከ1,600 በላይ መቁጠሪያዎች ያንን የቅንጣት ውሽንፍር ይጠብቃሉ፡፡ ጣቢያው የፒየር ኦዤ ኦብዘርቫቶሪ ይባላል፡፡