የገንዲ ዝንብ ትጠብቀው የነበረ ቆላ፦ ሰው፣ ከብትና አውሬ ከእምድብር እስከ ግቤ ሸለቆ

በጉራጌ ዞን የቸሃ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከእምድብር ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ሁለት የተለያዩ አገሮችን ያያል። ከላይ እንሰት፣ ጀፎረና ተቀራርበው የተሠሩ ጎጆዎች ያሉበት ወይና ደጋ ይገኛል። ከታች ደግሞ የዋቤ ወንዝ ወርዶ ከግቤ የሚቀላቀልበት፣ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ የሸፈነው ሞቃት ሸለቆ አለ። ደጋው በሰው ተጨናንቆ ሳለ ቆላው ለረጅም ዘመን የጉማሬ፣ የአጋዘንና የከርከሮ ሰፈር ሆኖ ኖሯል። ለዚህ ዋናው ምክንያት አንዲት ዝንብ መሆኗን ብዙዎቹ የዛሬ ወጣት አርሶ አደሮች ላያውቁ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቆላ ታሪክና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ያለውን ትምህርት ባጭሩ ይዳስሳል።

ደጋው፦ እንሰት፣ ከብትና ጅብ

የጉራጌ አርሶ አደር ኑሮ በእንሰት ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። እንሰት ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ የሚገኘው ከከብት ነው። ስለዚህ ከብቱ እንደ ቤተሰቡ አካል ተቆጥሮ ሌሊቱን በትልቁ ጎጆ ውስጥ፣ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ኖሯል። ይህ አኗኗር ፍጉን ለመሰብሰብ፣ ቤቱን ለማሞቅና ከብቱን ከጅብ ለመጠበቅ አመቺ ነበር።

ጅቡ በበር ሲከለከል ሌሎች ጠላቶች በጓሮ በኩል ይመጣሉ። ፍልፈል ከመሬት በታች እየሄደ የእንሰቱን ሥር ይበላል፤ ጃርትና አሳማ ደግሞ ሌሊት እየመጡ ግንዱን ይቦረቡራሉ። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከበርካታ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ በአንድ ሌሊት የተበላ ተክል የብዙ ዓመት ድካም ነው። ወደ ቆላው ጠርዝ ሲወረድ በቆሎና ማሽላ ሲያሽቱ ዝንጀሮና ጦጣ ይወርዱባቸዋል። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ መወርወር፣ ሌሊት ጭስ ማጨስና መጮህ የወቅቱ ሥራ ነው። ይህ ጥበቃ በአብዛኛው የሚወድቀው በልጆች ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ።

ቆላው፦ የገንዲ አገር

በግቤ ሸለቆ የሰውን መስፋፋት የገታው የገንዲ በሽታ ነው። ገንዲን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ወይም ጸጸ ዝንብ የሚባለው ነው። በሽታው የያዘው በሬ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ይሞታል። አጋዘን፣ ድኩላና ከርከሮ የመሳሰሉት የዱር እንስሳት ግን ተህዋሲውን በደማቸው ተሸክመው ብዙም ሳይታመሙ ይኖራሉ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ስለማይችል ሰፊው ሜዳ ለአውሬው ቀርቷል።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ፣ በተለይም በ1977ቱ ድርቅ ዘመን፣ ወደ ሸለቆው የሚወርደው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። ይሁን እንጂ በእነዚያው ዓመታት ገንዲ በመበርታቱ ብዙ የእርሻ በሬዎች አለቁ፤ ተመንጥሮ ሲታረስ የነበረ መሬትም እንደገና ጦም አደረ።

የግቤው ጥናት

በ1978 ዓ.ም. መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል በግቤ ሸለቆ የከብቶችን ጤና መከታተል ጀመረ። ጥናቱ አስደንጋጭ ነገር አሳየ፤ ተህዋሲው በወቅቱ ይሰጡ የነበሩትን የገንዲ መድኃኒቶች ተላምዶ ነበር። ከብቱን ደጋግሞ መውጋት ብቻውን ስላልበቃ ዝንቧን ራሷን መቀነስ የግድ ሆነ።

በ1982 ዓ.ም. ፀረ ተባይ የተነከሩ የጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ ወጥመዶች በሜዳው ተተከሉ። ዝንቧ በቀለሙ ተስባ ስታርፍ ትሞታለች። ነገር ግን ጨርቁ እየተሰረቀ አስቸገረ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ የሸለቆው ክፍል የተሞከረው ዘዴ ፀረ ተባዩን በከብቱ ጀርባ ላይ ማፍሰስ ነበር። ዝንቧ ከብቱን ልትነክስ ስትመጣ ራሷ ትሞታለች፤ እያንዳንዱ በሬ ተንቀሳቃሽ ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። ዝንቧ ቀነሰች፣ በሽታውም ረገበ፣ የጥጃ ሞትም ቀነሰ።

አገልግሎቱ መጀመሪያ በነፃ ይሰጥ ነበር። በኋላ ዋጋውን አርሶ አደሩ እንዲከፍል ሲደረግም ብዙዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ታይተዋል። አንደኛ፣ አንዱ ያስቀባው በሬ ያላስቀባውንም ጎረቤት ይጠቅማል፤ ሁሉም ጎረቤቱን ከጠበቀ ግን ዝንቧ ትመለሳለች። ሁለተኛ፣ ቤቱ ለአገልግሎት መስጫው የቀረበ ገበሬ ከራቀው ይበልጥ ይሳተፋል። ሁለቱም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊፈታቸው የሚችሉ ችግሮች ናቸው።

ዝንቧ ስትቀንስ

በሬው ሲድን እርሻው ሰፋ። የገበሬው ልጅ ጠገበ፤ የአጋዘኑ መሸሸጊያ ግን ጠበበ። በሸለቆው የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት ሁሉም እርሻ በዱር ሕይወት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እኩል አይደለም። በበሬ የሚታረሱና ዛፍና አጥር የቀረላቸው ትናንሽ ማሳዎች ብዙ ዓይነት ወፎችን አቅፈው ሲገኙ፣ በትራክተር የታረሱ ሰፋፊ እርሻዎች ግን ባዶ ሆነው ተገኝተዋል። የወንዝ ዳር ደን ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሀብት ያለበት ነው። ማሳው ውስጥ ዋንዛና ግራር ትቶ የሚያርስ አባት ሳያውቀው የጥበቃ ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ፓርኩና ማሳው

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት፣ በቀድሞው የደቡብ ክልል ዘመን፣ ከሸለቆው ወደ 360 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነው ግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ፓርኩ የአበሽጌን፣ የቸሃንና የእነሞርና ኤነርን ወረዳዎች ይነካል። ጉማሬ፣ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ጉሬዛ፣ ነብርና ጅብ ከሚገኙበት እንስሳት ጥቂቶቹ ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ዞኑ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው።

በድንበሩ ያለው አርሶ አደር ጥያቄ ግልጽ ነው። አውሬው ከፓርኩ ወጥቶ በቆሎውን ሲበላ ኪሳራው የማን ነው? የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አውሬውን ከአደን ይጠብቃል፤ የከሰረውን ጓሮ ግን አይሞላም። ከሰው ወገንም የሰደድ እሳት፣ የግጦሽና የከሰል ማክሰል ጫና አለ። አርሶ አደሩ ከፓርኩ ጥቅም ካላየ አውሬውን እንደ ጠላት ማየቱ አይቀርም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

በዚህ ረገድ ማኅበራት የሚሠሩት ብዙ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት አባላት አቅማቸውን አስተባብረው ብቻቸውን የማይወጡትን ችግር በጋራ እንዲፈቱ መንገድ ተከፍቷል። የፀረ ገንዲ ኬሚካልን በጅምላ ገዝቶ በየቀበሌው ማድረስ፣ በአንድ ቀን የሁሉንም ከብት ማስቀባት፣ ማሳን በደቦ ተራ ገብቶ መጠበቅና ልጆችን ለትምህርት መልቀቅ፣ በወንዝ ዳር ያለውን ደን ትቶ ቀፎ መስቀል ሁሉም በአባላት አቅም የሚቻል ነው። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ድርሻ ደግሞ የፓርኩ ወሰን ሲሰመርና ገቢው ሲታሰብ በጠርዙ ያለውን ገበሬ ቀድሞ ማማከር ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ግቤ ላይ ዝንቧን ያሸነፈው ብዙ ገበሬ በአንድነት ከብቱን ሲያስቀባ ነው። ዝንቧ ሳትጠየቅ ትጠብቀው የነበረው ቆላ ዛሬ በሰው ስምምነት ላይ ተጥሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ስምምነቱ ጉማሬውም በሬውም ሳይጠፉ መደረግ ይኖርበታል።