አፈር፣ ጓል፣ እንዝርት

የጎጃሞቹ ከተሞች የፈረስ ቤትና የፍኖተ ሰላም ስሞች ሥርወ ቃል ፈላጊን አያደክሙም። አንዱ ፈረስና ቤት ነው፤ ሌላው በግእዝ የሰላም መንገድ። የሚያደክመው ከእግራቸው ሥር ያለው ነው፦ አፈሩና ምድሩ።

ደጋ ዳሞት ላይ ገበሬው ዝናቡ ሳይከብድ የማሳውን ጓል ይከሰክሳል። ጓል ድንጋይ መስሎ የጠነከረ አፈር ነው፤ ሲመታ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ምድር የተሠራችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብቻ ወደ ኋላ። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት በወጣቷ ፀሐይ ዙሪያ ብናኝ ነበር፤ ብናኙ እየተጣበቀ ጓል ሆነ፣ ጓል ከጓል እየተላተመ ምድርን አከለ።

አሁን ወደ ቃሉ። አፈር በዕብራይስጥ ዓፋር፣ በዐረብኛ ዐፈር፣ በጥንቱ አካድኛ ኤፔሩ ነው፤ ሁሉም ዘንድ ብናኝ ትቢያን ይጠራል። እኛ የሚታረሰውን ሁሉ አፈር ብንለውም የቀድሞው ትርጉም አልጠፋም። «አፈር ስሆን» ብሎ የሚለምን ሰው እርሻ መሆን አይፈልግም፤ ትቢያ ልሁንልህ ማለቱ ነው።

ምድር ደግሞ በሳባ ጽሑፎች አገር፣ ግዛት ማለት ነው። የዐረብኛው ዘመዱ መደር ግን ዝቅ ይላል፦ የደረቀ ጭቃ፣ ጓል። ዘላኖቹ ዐረቦች ከተሜውን «የመደር ሰዎች» ይሉት ነበር፤ ቤቱ የጭቃ ስለሆነ። ከጓልና ከአገር የትኛው እንደሚቀድም መከራከር ይቻላል፤ እኔ ለጓል አደላለሁ።

በነገራችን ላይ የጎጃም አፈር የወጣበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው፤ የጮቄ ተራራ ከዚያም በኋላ የመጣ እሳተ ገሞራ ነው። ምድርን የ100 ዓመት አሮጊት ብናደርጋት፣ ይህ ድንጋይ ገና የ8 ወር ሕፃን ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ፈለክ የሚለውን ቃል ነው። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ፈለክ የሰማይ አካላት የሚዞሩበት ክብ ሲሆን፣ ፈልከት ደግሞ በእንዝርት ላይ የምትሰካው ክብ ናት። ሁለቱን ያዛመዱት የዐረብ ሊቃውንት ራሳቸው ናቸው። ከዚያም በፊት አካዶች እንዝርትን ፒላኩ ይሉት ነበር። ደጃፏ ላይ ጥጥ ይዛ እንዝርት የምታሾር እናት ያየ ሰው ቃሉ ከየት እንደመጣ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም።

የፀሐይ ሥርዓት አወላለድም እንዲሁ የመሾር ታሪክ ነው። መነሻው የጋዝና የብናኝ ደመና ነው፤ ፈረንጆች ኔቡላ ይሉታል፤ በላቲን ጉም ማለት ነው። የዳሞትን የክረምት ጠዋት የሚያውቅ ሰው ስሙ አይከብደውም። ደመናው በራሱ ስበት ሲሰበሰብ ሽክርክሪቱ ፈጠነ፤ ክንዱን ዘርግቶ የሚሾር ሰው እጁን ሲያጥፍ እንደሚፈጥነው። እየሾረ ጠፍጥፎ እንደ ሰፌድ ተዘረጋ። ከ99 በመቶ በላይ የሆነው መሀል ላይ ተከማችቶ ፀሐይ ሆነ፤ ከዳር የቀረው ጥቂት ፈለኮችን፣ ማለትም ፕላኔቶችን፣ ሠራ። ፈላስፋው ካንት በ1755፣ የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ በ1796 እ.ኤ.አ. የዚህን ሐሳብ መነሻ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ «አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር» የሚል ይነሣል። አላውቅም ነበር ማለት ነውር ሆኖብን እንጂ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የጥንቱ ፈለክ ምድርን መሀል አስቀምጦ ሰማይን በዙሪያዋ የሚያሾር ነው፤ ዛሬ ከምናውቀው ጋር ይጣላል። ቃሉ የያዘው ዓይን ያየውን መዞር ብቻ ነው። እንደ ቃል ግን ከፕላኔት ይሻላል፤ ፕላኔት በግሪክ ተንከራታች ማለት ነው፣ ምድር ደግሞ መንገዷን ስታ አታውቅም።

በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር ፈለክ እንድትሰይም ለኢትዮጵያ ዕድል ሰጠ። ኮከቡ ቡና፣ ፈለኳ አቦል ተባሉ። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ግዙፍ ናት፤ ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይወስድባታል። እዚያ እስካሁን የታወቀችው እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛ ከተገኘች ስም ፍለጋ አንቸገርም፤ ቶና ትባላለች።